ማንም ያላየው ውጤት

የዳታቤዝ ባለሙያው አዛውንት በሰርቨር ክፍሉ ውስጥ፣ በሩ ሥር ሞተው የተገኙት ጠዋት ነው። በሩ በኤሌክትሪክ ይከፈታል፤ መብራት ሲጠፋ የሚያስከፍተው የውስጡ እጀታ ብቻ ነው። እጀታው ተፈቶ ተወስዷል። ስልካቸውና የአስም መድኃኒታቸው ውጭ በተሰቀለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ቀርተዋል።

መርማሪው ሦስት ሰዎችን፣ ፕሮግራመሯን፣ አንድ ሻጭና ሥራ አስኪያጁን፣ መስኮት በሌላት የስብሰባ ክፍል አስቀምጦ በሩን ዘጋ። ፕሮግራመሯ የሟቹ የእህት ልጅ ናት። ትናንት ከአጎቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ሁሉም ሰምቷታል፤ አሁን ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። ግድግዳዎቹ የተጠጓት መሰላት።

«በምን ተጣላችሁ፣ ልጄ?» አላት መርማሪው።

«ለክሊኒኩ ድረ ገጽ ዳታቤዝ ስንመርጥ። እኔ አዲሱን አልኩ፣ ፈጣን ነው። ጋሼ አሮጌውን ይወዳሉ፤ ‹ፍጥነቱን ተዪውና መብራት ሲጠፋ የታካሚውን መዝገብ ይዞ ይቆያል ወይ?› አሉኝ።»

«ይህ እንዴት ይፈተናል?»

«እየጻፈ ሳለ መብራቱን ድንገት ማጥፋት፣ ከዚያ አብርቶ የጎደለውን ማየት ነው። ጋሼ ውስጥ ሆነው ያያሉ፣ ሌላ ሰው ውጭ መብራት ማቋረጫው ብሬከር ጋ ይቆማል። ትናንት ግን እንፈትን አላሉኝም።»

መርማሪው ሽቅርቅሩ ወደሚሉት የአዲሱ ዳታቤዝ ሻጭ ዞረ። «ፈተናውን ያልፍ ነበር?»

«እኔ ሻጭ ነኝ፣ ጌታዬ። ለሁሉም ያልፋል ነው የምለው። መፈተኑንም አልሰማሁም።»

ሥራ አስኪያጁ ተነጫነጨ። «ምን ያነታርከናል? ተፈትኖ አልፏል፣ አንድ መዝገብ አልጎደለም። ትናንት ወደ ቤት ልሄድ ስል ደስ ብሏቸው ነግረውኛል። ይልቅ መፍቻ ያለው የማን መሳቢያ ውስጥ እንደሆነ ይጠይቁ።»

መፍቻው የልጅቷ ነው።

«መሳቢያው አይቆለፍም፣ መፍቻውን ማንም ያነሣዋል» አለ መርማሪው። «ሰርቨሩ አዲሱ ዳታቤዝ ከተጫነበት ወዲህ የጠፋው አንዴ ብቻ ነው፣ ትናንት፣ መዝገብ እየጻፈ ሳለ። በሩን ለማስከፈት ብሬከሩን መልሼ ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬ ጠዋት። እስከዚያ ውጤቱን ያየ ሰው የለም፤ ሟቹም አላዩትም። ባላዩት ነገር እንዴት ደስ ይላቸዋል? እሳቸው ውስጥ ነበሩ፤ ብሬከሩን ያወረደው ሌላ እጅ ነው። ከእናንተ መካከል ፈተና መኖሩን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ሆነ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መርማሪው ዘንበል አለ። «ውጤቱ ምን ሆነ?»

«ግማሹ መዝገብ የለም።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ሳልነግራቸው አዲሱን ክሊኒኩ ላይ ጭኜው ነበር። የአንዲት ታካሚ መዝገብ ጠፍቶ የማይስማማት መድኃኒት ተሰጣት፤ ሞተች። እሳቸው የፈተናውን ውጤት ቢያዩ ይደርሱብኝ ነበር።»

«አዲሱ ክሊኒኩ ውስጥ አሁንም እየሠራ ነው?» አለችው ልጅቷ።

«አዎ።»

ማንንም ሳታስፈቅድ የጠረጴዛውን ስልክ አነሣች። «ክሊኒክ ነው? ድረ ገጹን አትመኑት። መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱን ታካሚ ራሱን ጠይቁ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ስልኩን ዘግታ ላፕቶፗን ከፈተችና አጎቷ የወደዱትን አሮጌውን ዳታቤዝ መጫን ስትጀምር ግን ስክሪኑ በእንባ ደበዘዘባት።