ሁለት ፕላኔቶች የሚዞሯት ባዶ ነጥብ

ዬርናር የጻፍኩትን ለሦስተኛ ጊዜ አጠፋው።

የተዋወቅነው የጠፈር ጨዋታ የሚወዱ የካራጋንዳ ልጆች በሚሰበሰቡበት ክፍል ነው። እሱ የፕላኔቶችን መልክ ይሠራል፣ እኔ ምሕዋራቸውን አሰላለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጨዋታው ላይ የሚጫን አንድ ሙሉ የፀሐይ ሥርዓት ሠራን። ሲያየኝ ልናገር ያሰብኩት ስለሚጠፋብኝ የምናወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቁጥር ነበር።

የቀሩን እኩያ የሆኑ ሁለት ፕላኔቶች ናቸው። አንዱን እሱ ሣለው፣ ሌላውን ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ። ጨዋታው ግን ሁለት ፕላኔቶች እርስ በርስ እንዲዞሩ አይፈቅድም፤ አንዱ የግድ የሌላው ጨረቃ መሆን አለበት። መውጫው በመካከላቸው የማትታይ ባዶ ነጥብ ፈጥሮ ሁለቱንም በእሷ ዙሪያ ማስኬድ ነው። ነጥቧን ሦስቴ ፈጠርኩ። እሱ ሦስቴም አጠፋትና የእኔን ፕላኔት የራሱ ጨረቃ አደረጋት። ለምን ስለው፣ ይሄ ይቀላል አለ። ያናደደኝ ሳይጠይቀኝ ማድረጉ መሆኑ ጭራሽ አልገባውም።

በዚያው ሳምንት እናቱ ኩልያሽ ቅዳሜ ጉትቻ ይዘው ቤታችን እንደሚመጡ ሰማሁ፤ ያውም ከእሱ ሳይሆን ከእህቴ። በእኛ በካዛኮች ወግ የወንዱ እናት ጉትቻ ያደረገችላት ልጅ ታጨች ማለት ነው። ዬርናር ደግሞ የመጨረሻ ልጅ ነው። የመጨረሻ ወንድ ልጅ ከወላጆቹ ቤት አይወጣም፤ ሚስቱም እዚያው ትገባለች። የአጎቴ ሚስት እንደዚያ ገብታ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለእንግዳ ሻይ ስትቀዳ አይቻታለሁ።

ባልወደው ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ደወልኩለት።

«የት እንደምንኖር መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«እኛ ቤት ነዋ። ሌላ የት?»

«እሱንም ብቻህን ጻፍከው።»

መልሱን ሳልጠብቅ «ዬርናር፣ እኔ ጨረቃ አልሆንም» ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጸጉሬን ጆሮዬ ላይ ለቅቄ ተቀመጥኩ። ኩልያሽ ገቡ፤ ፊታቸው አልተፈታም። ዬርናር ሰላምታውን እንደጨረሰ ኮምፒውተሩን አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

«ዛሬ እንኳ ይሄን ነገር አትተወውም?» አሉት እናቱ።

ሁለቱ ፕላኔቶች በባዶዋ ነጥብ ዙሪያ ቀስ እያሉ ይዞራሉ። ነጥቧን የሠራት እሱ ነው። ግን ፊት ለፊት መሆን ሲገባቸው ወደ አንድ ጎን አጋድለዋል።

«መቶ ሰማንያ ብለህ ጻፍክ አይደል?» አልኩት። «እዚህ ቦታ ላይ ዲግሪ አይሠራም፣ ራዲያን ነው ስልህ ስንት ጊዜዬ ነው?»

«ለዚህ እኮ ነው አንቺ የምታስፈልጊኝ።» አንገቱን ደፋ። «ከእማዬ ቤት ሁለት ፌርማታ አለፍ ብሎ ቤት አግኝቻለሁ። ለእሷ ትናንት ነግሬያታለሁ። አልተከራየሁትም። ሳታዪው አልከራይም።»

ኩልያሽ ማያ ገጹን ትክ ብለው አዩት።

«መሀሉ ላይ ምንም የለም እኮ» አሉ።

«የለም፣ እማማ» አልኳቸው። «ግን ሁለቱንም ይይዛቸዋል።»

በረጅሙ ተነፈሱ። «በሉ እንግዲህ። እሁድ እሁድ ግን ምሳ እኔ ጋ ነው፤ እሱን ማንም እንዳይነካብኝ።» ቦርሳቸውን ከፍተው የጉትቻውን ሣጥን አወጡ።

መጀመሪያ ቁጥሩን አስተካከልኩ። ከዚያ ጸጉሬን በሁለት እጄ ወደ ኋላ ሰብስቤ ያዝኩላቸው።