ከአቡጀዲው በላይ

ጋሽ ላቀው አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ትራሱ ግን ፊታቸው ላይ ነበር። በሩ ተቆልፏል። አንዱ ቁልፍ በሟች ኪስ ውስጥ ተገኘ፤ ሌላውን ድንገት ቢታመሙ ብለው የሰጡት ለባለሱቁ ለሸፊ ነው። ስለዚህ ኢንስፔክተር ሰምሀል፣ ጉለሌ ከተዘጋው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀርባ ካለው የሠራተኞች መደዳ ቤት ስትደርስ፣ ሸፊ በካቴና ታስሮ ጠበቃት። ሌላ ሰው ካልተገኘ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።

«ዶሮ እንኳ የሚያሳርደው በወንድሙ ነው!» አለች ሚስቱ ጀዊሪያ። «ሰው የሚገድልበት ወኔ ከየት መጥቶ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ገመናዬን በፖሊስ ፊት...»

ሰምሀል ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ሟች ጎረቤቶች ዞረች። በግራ ነጠላ ሻጯ ምሥራቅ፣ በቀኝ ሶሬሳ ይኖራሉ።

«ጋሽ ላቀው ያልተጣሉት ሰው አለ?» አለች ምሥራቅ። «እኔን በውሃ ቧንቧ፤ ትናንት ደግሞ ሶሬሳን ‹መደዳው ፈርሶ ምትክ ቤት ሊሰጡን ሲመጡ ኮንዶሚኒየም እንዳለህ ተናግሬ አስከለክልሃለሁ› ሲሉት ነበር። ግድግዳችን እኮ እስከ ኮርኒሱ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ መደዳው ሁሉ አንድ ነው። ምን ይደበቃል?»

ሶሬሳ ትከሻውን ሰበቀ። «ጋሽዬ ሲናደዱ ብዙ ይላሉ። እኔ ፋብሪካው እስኪዘጋ ጨርቅ ጠጋኝ ነበርኩ። የጠገንኩትን ቀዳዳ ገዢ ፈልጎ አያገኘውም። የኔ እጅ ለዚህ ነው እንጂ ለነፍስ አይደለም።»

ሰምሀል ተመልሳ ወደ ሟች ክፍል ገባች። ኮርኒሱ በምስማር የተወጠረ አሮጌ አቡጀዲ ነው፤ አይጥና ዝናብ ወንፊት አድርገውታል። ዓይኗ ከቁምሳጥኑ በላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ከምሥራቅ መሰላል ተዋሰች።

ስትወርድ ፀጉሯ አቧራ ለብሷል። ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ኮርኒሱ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ታዲያ አንዱ ብቻ ለምን ተጠገነ?»

አቧራውን ከፀጉሯ አራገፈች።

«ጨርቁ በጭስ ጠቁሯል፤ ክሩ ግን ነጭ ነው። ስለዚህ ጥገናው አዲስ ነው። የክሩ ቋጠሮ ሁሉ ያለው ከላይ ነው፤ ከታች የቆመ ሰው እጁ እዚያ አይደርስም። ገዳዩ በጣሪያው ሥር መጣ፣ ጨርቁን ቀደደ፣ በቁምሳጥኑ ወረደ፣ በዚያው ተመለሰ። ቁልፍ ምን ያደርግለታል?»

«ምሥራቅም እኮ ጎረቤት ናት!» አለ ሶሬሳ።

«እኔ?» ምሥራቅ ወገቧን ያዘች። «ታክሲ ለመሳፈር ረዳቱ የሚጎትተኝ ሴትዮ፣ ጣሪያ ላይ?»

«ምሥራቅ ብትሆን በመርፌ ጥምዝዝ አድርጋው ትሄድ ነበር» አለች ሰምሀል። «ይኼኛው ክር በክር እያሳለፈ መልሶ ሸምኖታል። እንደ ተቀደደ ቢተወው ከሌሎቹ ጋር ተመሳስሎ ይቀር ነበር። እንዲህ የሚጠግነው ማን እንደሆነ፣ አቶ ሶሬሳ፣ ራስዎ ነግረውኛል።»

ሶሬሳ ጣቶቹን አየ።

«ትቼው ልሄድ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ካቴናው ሲፈታለት ሸፊ እንባው መጣ። ጀዊሪያ በሻሿ ጫፍ ጠረገችለት።

«በቃ፣ ተነስ» አለችው። «ሱቁን ክፈትና ለሰዉ ውሃ አውጣ።»