የባሕር ሥር ታላቆች

ጎህ ሲቀድ ባንሲያ የመጨረሻውን ሳጥን አቅፋ፣ የተኛ ሕፃን የምታስተኛ ይመስል ቀስ ብላ ጀልባዋ ውስጥ አኖረችው። ስምንተኛው ነው። በየሳጥኑ የባሕር ውሃ ተሞልቶ፣ ጣት ጣት የሚያካክሉ፣ ሕይወት ያላቸው የኮራል ቅርንጫፎች ተደርድረውበታል፤ ቡናማው፣ ወይን ጠጁ፣ ጫፉ እንደ ወተት ጥርስ የነጣው።

«ሃያ ስምንት ዲግሪ» አለች ዊዳ ቴርሞሜትሯን ከውሃው እያወጣች። ዊዳ ከማካሳር ከተማ የመጣች የባሕር ተመራማሪ ናት። «ከሠላሳ አንድ ካለፈ ይሞታሉ። እኩለ ቀን ሳይሆን መድረስ አለብን እትዬ ባንሲያ።»

«ዲግሪሽን ለራስሽ ያዢው። እኔ እጄን ነክሬ አውቀዋለሁ።»

ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ። በሦስተኛው ተነሣ።

«የሳሪፊን ሞተር ቢኖረን ኖሮ...» ብላ ጀመረች ዊዳ።

«ስሙን አታንሺብኝ!»

ሳሪፊን የመንደሯ ልጅ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ማዳበሪያ አጭቆ፣ ክር ለኩሶ ዓሣ ላይ የሚወረውር። ባለፈው ወር ደግሞ «እኔም ከእናንተ ጋር ኮራል ልትከል» ብሎ መጥቶ ነበር። ባንሲያ ሰው ፊት «እጅህ ባሩድ ባሩድ ይሸታል» ብላ አባረረችው።

በዚያ ዓመት ባሕሩ ሞቆ፣ ከዓሣ ቦምቡ የተረፈውን የላሞዋ መንደር ኮራል ሙቀት ጨረሰው። ቀለሙን እንደያዘ የቀረው ይህ የተነሡበት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ የሚወጣበት የባሕር መተላለፊያ ብቻ ነው። ከዚህ ለመቁረጥ የተሰጣቸው ፈቃድ ደግሞ የአንድ ቀን ነው፤ ሁለተኛ የለም። ላሞዋ ላይ፣ ከባሕሩ ሥር፣ አሸዋ የተለበጡ ባለ ስድስት እግር ብረቶች ቅርንጫፎቹን ይጠብቃሉ። መንደርተኛው «ሸረሪቶቹ» ይላቸዋል።

ባንሲያ ማንበብ አታውቅም። አዋላጅ ናት። ሳማዎች፣ የእሷ የባሕር ሕዝቦች፣ የእንግዴ ልጅን አይጥሉም፤ የሕፃኑ ታላቅ ነው ይላሉ። በኮኮናት ቅርፊት አድርገው ከኮራል ሥር ያስቀምጡታል፤ ታላቅየው ከታች ሆኖ ታናሹን ዕድሜ ልኩን ይጠብቀዋል። ባንሲያ በሠላሳ ዓመት ከሦስት መቶ በላይ ታላቆች በገዛ እጇ አስቀምጣለች፤ የእያንዳንዱን ቦታም ታውቃለች። አሁን ሁሉም ባዶ ጠጠር ላይ ናቸው። ለምን ከተመራማሪ ኋላ እንደምትከተል የጠየቃት ሁሉ አንድ መልስ ነው የሚያገኘው፦ «ቤት የፈረሰባቸው ልጆች አሉኝ።»

ሁለት ሰዓት እንደተጓዙ ምዕራቡ ጠቆረ። ነፋሱ ባሕሩን ገለበጠው። ማዕበል ጀልባዋን አንሥቶ ጣላት፤ ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ዝናቡ ወረደ፣ በባልዲ የሚደፉት ይመስል።

«ክዳኑን!» ጮኸች ዊዳ። «የዝናብ ውሃ ከገባባቸው አለቀላቸው!»

ባንሲያ ሸራውን ሳጥኖቹ ላይ ወረወረችና ራሷ በሆዷ ተኛችበት። ዊዳም በሌላው ጫፍ ተጋደመች። ነፋሱ ጀልባዋን እየገፋ፣ ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ የተከለ ደን ወዳለበት ጠባብ ወንዝ አፍ አስገባቸው።

ዝናቡ ሲያባራ ዊዳ ተነሣች። «ውሃቸውን እንቀይር?»

ባንሲያ ውሃውን በጣቷ ቀመሰችና ተፋችው። «ይሄ የወንዝ ነው። ጨው የለውም። ቅዘፊ፣ እንውጣ።»

መውጫው ላይ ግን ግንድ ተጋድሟል። ግንዱም ዓይን አለው።

«አዞ ነው» አለች ዊዳ።

«አይቼዋለሁ። እጅሽን ከውሃው አውጪ።» ባንሲያ ለምሳ የያዘችውን ጥብስ ዓሣ ከነቅጠሉ አነሣች። «ጌታው! ቤትዎ የገባነው ዝናብ አባርሮን ነው። ይቺን ይቅመሱና መንገድ ይልቀቁልን።» ዓሣውን ወደ ዳር ወረወረችው። አዞው ዘወር አለ። «አሁን!»

ቀዘፉ። ጀልባዋ ስታልፍ ጭራው ጎኗን መታት፤ የዊዳ መቅዘፊያ ከመሐል ተሰብሮ ግማሹ ውሃ ወሰደው። ተያይዘው ዘለቁ እንጂ ወደኋላ አላዩም።

«ምሳችንን በላው» አለች ዊዳ ትንፋሿ ሲመለስ።

«ካሳቫው አለ። ደግሞ እኛን ከሚበላን ምሳችንን ይብላ።»

ሳቁ። እየሳቁ ዊዳ አለቀሰች፤ ባንሲያም በእርጥብ ቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት። «አይዞሽ የኔ ልጅ። ይልቅ ዲግሪሽን እይ።»

ሠላሳ ተኩል። ነፋሱ ወድቆ ባሕሩ ዘይት መስሎ ተኝቷል፤ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ቅርንጫፎቹ ልጋግ መትፋት ጀምረዋል። ዊዳ ከባሕሩ በባልዲ ቀድታ ለካችው፦ ሠላሳ አንድ። ላዩ ከሳጥኑ ይብሳል።

«ከታች ይቀዘቅዛል» አለች ባንሲያ። «አይደል እንዴ?»

«ከአሥር ሜትር በታች፣ አዎ። ግን እንዴት አድርገን...»

ባንሲያ የእንጨት መጥለቂያ መነጽሯን አደረገች። ባዶውን ጄሪካን ከነክዳኑ ከመልሕቁ ድንጋይ ጋር አሰረች፤ ድንጋዩን አቅፋ ጠለቀች። ዊዳ በገመዱ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች እየቆጠረች ገመዱን ለቀቀችላት። በአሥራ ሁለተኛው ሜትር ባንሲያ ክዳኑን ፈታች፤ አየሩ እየተንቦጫረቀ ወጣ፣ ቀዝቃዛው ውሃ ገባ። ዘጋችውና ገመዱን ሁለቴ ሳበች፤ ዊዳ ጎተተቻት።

«ስንት ሆነ?» አለች ብቅ ስትል።

ዊዳ አንዱን ሳጥን ቀይራ ለካች። «ሃያ ዘጠኝ! እትዬ፣ ሃያ ዘጠኝ!»

«እሰይ ዲግሪ!»

ስምንት ጊዜ ጠለቀች። በስምንተኛው ከአፍንጫዋ ደም ወረደ። ከዚያ በቀረው መቅዘፊያ እየተቀባበሉ ቀዘፉ፤ እጃቸው ተላጠ። ላሞዋ በአድማሱ ላይ ብቅ ሲል ፀሐይዋ አናት ልትደርስ ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ከሸረሪቶቹ በላይ ጀልባ ቆሟል።

ሸረሪቶቹን የሚጠብቁት መንደርተኞች ከዝናቡ ከተጠለሉበት ቤት ገና አልወጡም። ሳሪፊን ብቻውን ጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ጠርሙስ፣ በሌላው የተለኮሰ ሲጋራ ይዟል። ብረቶቹ ጥላ ቢጥሉ ዓሣው ተሰብስቦባቸዋል፤ እሱም ዓሣውን አይቶ ነው የመጣው።

«ሳሪፊን!» ጮኸች ባንሲያ። አልሰማም፤ ፍንዳታ የግራ ጆሮውን ወስዶታል። ሲጋራውን ወደ ክሩ አስጠጋ።

ባንሲያ ዘለለች። እየዋኘች በጀልባውና በዓሣው መሐል ገባች፤ ክንዶቿን ዘርግታ ተንሳፈፈች።

«እማማ!» ሳሪፊን ጠርሙሱን ደረቱ ላይ አጣበቀው። «አብደዋል እንዴ? ይውጡ!»

«አልወጣም! ወርውር!»

«ይውጡ እላለሁ! ሦስት ቀን ሙሉ መረቤ ባዶ ነው፣ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«ታላቅህን ነዋ የምታበላቸው!» አለች ባንሲያ። «እዚህ ነው ያለው! ከእግሬ ሥር! በገዛ እጄ ነው ያስቀመጥኩት!»

ውሸቷን ነበር። እሱ ሲወለድ እሷ በቦታው አልነበረችም። በሕይወቷ በታላቆች ነገር ዋሽታ አታውቅም፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጨው መሰላት።

ሳሪፊን ቁልቁል አያት። ከዚያ ክሩን ከጠርሙሱ ነቀለ።

ባንሲያ የጀልባውን ጠርዝ ያዘች። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነበር፤ ከአዞውም ከጥልቁም የከበደ። «ሞተራችን ሞቷል» አለች። «ቅርንጫፎቹ እየሞቁ ነው። ያን ቀን ሰው ፊት የተናገርኩህን... አጥፍቻለሁ። እባክህ ጎትተን።»

እጁን ሰጣት። ሁለት ጣት የለውም፤ በቀሩት ሦስቱ አጥብቆ ይዞ አወጣት።

ጎትቶ ሸረሪቶቹ ጋ አደረሳቸው። መንደሩ በየጀልባው እየጮኸ ወጣ፤ ሴቶቹ ሳጥኖቹን ከእጅ ወደ እጅ አቀባበሉ። ዊዳ ለካች፦ ሠላሳ ነጥብ ስምንት። ከሁለት መቶ አርባው ቅርንጫፍ አሥራ አንዱ ነጥተዋል፤ የቀረው በሕይወት አለ። እየጠለቁ ቅርንጫፎቹን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከብረቱ ጋር አሰሩ። ሳሪፊንን የከለከለው የለም። ባንሲያ ወደጠቆመችበት ሸረሪት ደጋግሞ ይጠልቃል፤ በሦስት ጣት አንዷን ቅርንጫፍ ለማሰር ሌላው አራት የሚያስርበትን ጊዜ ይፈጃል፤ አንዷም ግን አልዘመመችም። ወጥቶ ይተነፍሳል፣ ይመለሳል።

ባንሲያ ይህን አየች። ትንፋሽ ለመሰብሰብ አንድ ተንሳፋፊ ግንድ ላይ ሲገናኙ፣ ደህና በሆነው ጆሮው በኩል ሄደች።

«ሳሪፊን፣ ልንገርህ። ያልኩህ እውነት አይደለም። ያንተን አላስቀመጥኩም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ከተማ፣ ኬንዳሪ ሐኪም ቤት ነው የተወለድኩት። ታላቄን ከቆሻሻው ጋር ጣሉት። ልጅ ሆኜ እነዚህ ሁሉ ‹ታላቅ የለሹ› እያሉ ነበር የሚጠሩኝ፤ ረሱት እንዴ?» መነጽሩን አውልቆ በአውራ ጣቱ ጠረገው። «ማዕበል ሲነሣ ሌላው ሁሉ ታላቁን ይጠራል። እኔ የምጠራው አልነበረኝም።»

«ታዲያ ሳታምነኝ መወርወሩን ለምን ተውከው?»

«እርስዎ ሲሉት ደስ አለኝ።» ወደ ታች፣ ትንንሾቹ ቅርንጫፎች ወደቆሙበት ብረት ተመለከተ። «ቃልዎን ሰው ፊት እንዳይመልሱብኝ ብቻ።»

ባንሲያ ለአንድ ቀን ሙሉ የያዘችው እንባ መጣ፤ ባሕር ውስጥ ስለነበረች ማንም አላየውም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቦታ አልተሳሳተችም፣ አንድም ቃል አላጠፈችም።

«የምን መመለስ ነው» አለችው። «ከግራ ሦስተኛው ሸረሪት፣ ከፊት እግሩ ሥር። በደንብ አስታውሳለሁ። ዝናብ ነበር።»

ሳሪፊን መነጽሩን መልሶ አጠለቀ፣ ሳንባውን ሞላና ወደዚያው ጠለቀ።