የምድር ቤቱ ቁልፍ

አስቀድመን እንተዋወቅ፣ እኔ የሞተ ሰው ድምፅ፣ ጥላ፣ ልክፍት የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ እናቴ "በቀትር ወንዝ ዳር አትሂድ፣ የቀትር ጋኔን ይለክፍሃል" ስትለኝ ሆን ብዬ በቀትር እሄድ ነበር፣ ምንም አልለከፈኝም። ሥራዬም ለእንዲህ ያለ ወሬ አይመችም፣ ሳን ሆዜ ውስጥ የቁልፍ ሠራተኛ ነኝ፣ ማንም አላስተማረኝም፣ አሮጌ ቁልፎችን እየገዛሁ፣ እየፈታሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት፣ እና በር እምቢ ሲል ምክንያት አለው፣ ወይ ዝጓል፣ ወይ የቁልፉ ጥርስ አልቋል፣ ወይ በሩ ራሱ ተጣሟል። ከነዚህ ሌላ ምክንያት አላውቅም ነበር። የምነግራችሁም በጨለማ የሆነ ነገር አይደለም፣ ሮም ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ኤልያስ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ፣ በእናት ነው የምንገናኘው፣ የአባቶቻችን ስም ይለያያል፣ ይህን ያዙልኝ። የጫማ ክር ማሰር ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ሁለቴ ዞሮ ከታች የሚወጣ ቋጠሮ፣ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የማስረው። "ጩጬ" ይለኝ ነበር፣ ከእሱ ሌላ በዚህ ስም የጠራኝ የለም። በባሕር ጣሊያን ገባና ሮም ውስጥ ሰው የለቀቀው ሕንፃ ምድር ቤት ከአንድ ልጅ ጋር መኖር ጀመረ። አኗኗራቸውን በስልክ ነግሮኛል፣ አንዱ ሲወጣ ሌላውን ውስጥ ትቶ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፋል፣ ባዶ ቤት እንዲመስል፣ ፖሊስ እንዳያስወጣቸው፣ ሌላ ስደተኛም እንዳይገባባቸው። ቁልፉ አንድ ነው፣ ስልኩም አንድ ነው፣ ሁለቱንም የሚወጣው ይዞ ይወጣል። ሲመለስ ሁለቴ ያንኳኳል፣ ቆም ይላል፣ አንድ ይጨምራል፣ ውስጥ ያለውም እንዲሁ ያንኳኳል፣ አለሁ ማለት ነው። "ጩጬ፣ እስር ቤት እንኳን ዘበኛ አለው" ብሎ ስቆ ነበር፣ እያሳለው።

በዚያው ክረምት ሞተ። በሩን ሰብረው ያገኙት የሕንፃ ሠራተኞች ናቸው፣ ለእናቴ የመጣው ወረቀት ላይ አድራሻውና በሩ ከውጭ ተቆልፎ እንደነበር የሚገልጽ አንድ መስመር ነበር፣ ሌላ የለም። አብሮት የነበረው ልጅ አልተገኘም። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዤ ኖርኩ፣ ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነበር?

አምና ኦክላንድ ባለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን አንድ አዲስ ሰው ምስክርነት ሊሰጥ ቆመ፣ ወንድም ሳምሶን ይባላል፣ ኤመሪቪል አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ይሠራል፣ ከእኔ አሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። "ሮም ውስጥ፣ ከምድር በታች፣ ወንድሜ ኤልያስ በእጄ ላይ አረፈ፣ እኔን ግን ጌታ በሩን ከፍቶ አወጣኝ" አለ። ሕዝቡ ሃሌሉያ አለ፣ እኔም አልኩ፣ እመኑኝ፣ አፌ ልማዱን ነው ያደረገው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሲመሰክር ሰማሁት፣ ሦስቱንም በስልኬ ቀድቻለሁ። በመጀመሪያው ኤልያስ እጁ ላይ ሞተ፣ በሁለተኛው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ አርፎ አገኘው፣ በሦስተኛው ፖሊስ በሩን ዘግቶበት መግባት አቃተው። ጌታ በሦስቱም አንድ ነው፣ በሩ ግን ይለያያል።

ማንነቴን አልነገርኩትም፣ የአባቴ ስም ሌላ ስለሆነ አልጠረጠረም፣ እናቴ ደግሞ ኦርቶዶክስ ናት፣ እኛ ጋ አትመጣም። ወዳጁ ሆንኩ፣ በየእሁዱ በመኪናዬ ቤቱ አደርሰዋለሁ።

"ሳሚ፣ ርካሽ ቲኬት አግኝቻለሁ፣ አራት ቀን፣ በጀርባ ቦርሳ ብቻ" አልኩት አንድ ቀን።

"ወዴት?"

"ሮም።"

ሳቀ። "አንተ ልጅ ጤና የለህም። ሰው ከሮም ለመውጣት ፍዳውን ያያል፣ አንተ ለቬኬሽን ትገባለህ?"

"ኦፍ ካልሰጡህ ይቅር።"

"ኦፉስ አይጠፋም። ታውቃለህ ቢኒ፣ ያን ከተማ ያየሁት ከታች ነው፣ የማውቀው የሰው ጫማ ብቻ ነው። አንዴ ዜጋ ሆኜ በሰማያዊ ፓስፖርት ከላይ ልየው። በል ቡክ አድርገው።"

ቡክ አደረግኩት። ወረቀቱ ላይ ያለው ሕንፃ ታድሶ ርካሽ ማረፊያ ሆኗል፣ ከሁሉ የረከሰው ክፍል ሰባት ደረጃ ወደ ታች የሚወረድበት ነው፣ የያዝኩት እሱን ነበር። ያሰብኩትን አልደብቃችሁም፣ ልገድለው አልነበረም፣ ያን በር ከውስጥ እንዲያየው ነበር የፈለግኩት፣ ቆልፌበት እጠይቀዋለሁ፣ ሳይናገር አልከፍትም። ዕቅዴ ይኸው ነበር፣ ስንት ሌሊት እንዳጣጣምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

የመጀመሪያውን ቀን እንደማንኛውም ድሃ ቱሪስት አሳለፍነው፣ ዳቦና ቲማቲም ገዝተን ደረጃ ላይ ተቀምጠን በላን፣ ውሃ ከመንገድ ቧንቧ ቀዳን፣ ሳምሶን በየሐውልቱ ሥር ፎቶ ተነሳ። አንድ ነገር ብቻ አስተዋልኩ፣ ከመንገዱ ጥግ የምድር ቤት መስኮት ሲያይ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል፣ እያወራ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ። ማረፊያውን አላወቀውም፣ እነሱ ድሮ የሚገቡት በጓሮ በኩል ነበር፣ አሁን መግቢያው በፊት ለፊት ነው፣ ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል።

"ቢኒ፣ ይሄ ክፍል ነው መቃብር? ሪቪው አንብበሃል?" አለኝ ደረጃውን ስንወርድ።

"አራት ኮከብ አለው።"

"ኮከቡ እላይ ቀርቷላ።"

በሁለተኛው ቀን ሙቀቱ ስለጠናብን ልናርፍ በቀትር ተመለስን። ሳምሶን መጋረጃውን ገለጥ አደረገና ቆመ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፣ ከግራ ሦስተኛው ብረት ጎብጧል፣ ሠራተኞቹ ቀለም ቀብተውት ነው እንጂ አልቀየሩትም።

"ምነው?" አልኩት።

"ምንም። ሁሉም መስኮት አንድ ነው።" ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፣ ጫማውን እንኳን አላወለቀም።

እንቅልፍ እስኪወስደው ተቀምጬ ስጠብቅ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ከግድግዳው ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ቆም አለ፣ አንድ ጊዜ። ቧንቧ ነው አልኩ፣ ግን መታጠቢያው በሌላው ጎን ነው፣ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ አፈር ብቻ ነው ያለው፣ ጓሮውን ዞሬ አይቼዋለሁ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ደገመ። ያን ጊዜ ሳምሶን ዓይኑን እንደጨፈነ፣ እያንኮራፋ፣ እጁን አነሳና ግድግዳውን መታ፣ ሁለት፣ ቆም፣ አንድ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ቀስቅሶት ይወጣ ነበር። እኔ ግን "ይኸው፣ እጁ እንኳን ያስታውሳል" ብዬ ነደድኩ፣ ለሁለታችን የተሰጡንን ሁለቱንም የክፍሉን ቁልፎች ይዤ ወጣሁና በሩን ከውጭ ሁለቴ አዞርኩት። አሮጌ ቁልፍ ነው፣ ሁለቴ ከዞረ ከውስጥ አይከፈትም፣ የውስጡ ቀዳዳ በቀለም ተደፍኗል፣ መዞሪያም የለውም፣ በመጣን ዕለት መርምሬዋለሁ።

በሩን በቡጢ መታሁት። "ሳምሶን።"

ሲነሳ አልጋው ተንቋቋ፣ እጀታውን ነቀነቀ። "ቢኒ? በሩ እምቢ አለኝ።"

"ቆልፌብህ ነው። የኤልያስ በር ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነበር?"

የእግሩ ኮቴ ወደ መስኮቱ ራቀ። ከዚያ መናገር ጀመረ፣ ለእኔ ግን አልነበረም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር፣ "አውቃለሁ" ይላል፣ ዝም ይላል፣ "ዳቦ ይዤ እመጣለሁ ብዬህ ነበር" ይላል፣ እንደገና ዝም ይላል፣ ዝምታው ልክ ሌላ ሰው አንድ አረፍተ ነገር የሚናገርበትን ያህል ነው። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ጩጬ፣ አንተ ነህ? ክፈትልኝ ጩጬ፣ ታቦት ይዤሃለሁ።"

ስሙን ኤልያስ ያኔ ነግሮት ይሆናል፣ አውቃለሁ፣ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ቢኒ ሲለኝ ኖሮ፣ ጩጬ እኔ መሆኔን አሁን ማን ነገረው? ይህን እያሰብኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከታች ነው፣ ከጉልበቴ በታች፣ መሬት ላይ የተኛ ሰው እጁ በሚደርስበት፣ በደከመ ጣት፣ ሁለት፣ ቆም፣ አንድ። የሳምሶን ድምፅ ግን ከመስኮቱ በኩል፣ ከክፍሉ ማዶ ነበር የሚመጣው።

ሰዓቴን አየሁ፣ ስድስት ከሠላሳ አራት ይላል። አልከፈትኩም። ይቅመሰው አልኩ። ደገመ፣ አልከፈትኩም። እየዘገየ፣ እየደከመ መጣ፣ በመጨረሻ ሁለት ብቻ ሆነ፣ አንዱ ቀረ። ስድስት ከሠላሳ ስምንት ላይ ጸጥ አለ።

ያን ጊዜ ፈራሁና ቁልፉን ከተትኩ። አልዞረም። ቁልፍ ሲያዝ እጄ ያውቃል፣ ዝገት ይፋጫል፣ ያለቀ ጥርስ ይንሸራተታል፣ ይህ ግን ከወዲያ በኩል የያዘው እጅ ነበር፣ ስገፋ ይገፋኛል፣ ሳቆም ያቆማል። "እባክህ" አልኩ፣ ማንን እንደለመንኩ አላውቅም። ለቀቀኝ።

ሳምሶን መስኮቱ ሥር ተኮራምቶ ተቀምጧል። ከበሩ ሥር ማንም የለም። ሳልጠይቀው ተናገረ።

"እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ወደ ሰሜን የሚሄዱ ልጆች አገኘሁ፣ ና አሉኝ፣ ሄድኩ። ባቡር ውስጥ ገብቼ ኪሴን ስፈትሽ ነው ቁልፉን ያገኘሁት። ባቡሩ ገና አልተነሳም ነበር ጩጬ። መውረድ እችል ነበር።"

"ከዚያስ?"

"መንገድ ላይ በመስኮት ወረወርኩት።"

የጨበጠውን እጁን ዘረጋልኝ። መዳፉ ላይ ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ ነበር፣ የዛገ፣ ቀዳዳው ላይ የጫማ ክር የታሰረበት፣ ቋጠሮው ሁለቴ ዞሮ ከታች የሚወጣ። ዘጠኝ ዓመት ደብቆት ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ብያለሁ፣ ግን አየር ማረፊያ ፍተሻው ላይ ኪሶቹን ሲያራግፍ፣ ቦርሳውን ሲከፍቱበት አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።

"ማን ሰጠህ?" አልኩት። በሩን ብቻ አየ።

የቀረውን ጊዜ እላይ እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ አሳለፍነው። ኦክላንድ በተመለስን በመጀመሪያው እሁድ ሳምሶን ለአራተኛ ጊዜ ቆመና ሁሉንም እንደሆነው ተናገረ፣ ባቡሩንም፣ ቁልፉንም። ሃሌሉያ ያለ ሰው አልነበረም። አሁን ብቻውን ነው የሚቀመጠው፣ ቤቱን ቆልፎ አይተኛም ይላሉ፣ እኔም አላዝንለትም፣ አልዋሻችሁም። በር ላይ አግኝቼ "አሁንም ትሰማዋለህ?" ብዬ ጠይቄዋለሁ። "ከዚያ ቀን ወዲህ ትቶኛል" አለኝ። ጉንጮቹ ሞልተው ነበር፣ ያ ነው ያናደደኝ።

ለእናቴ የነገርኳት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት፣ አላለቀሰችም፣ ቋጠሮውን በጣቷ ስትዳብስ ቆየች።

"ልጄ ሲያንኳኳ የሰማ ሰው አልነበረም?" አለችኝ።

"የለም እማዬ፣ ማንም አልሰማም" አልኳት።

አፌን ሳልዘጋ ነው ከጓዳው በር፣ ከታች፣ መሬት አጠገብ፣ በደከመ ጣት የተንኳኳው። ሁለት። ቆም። ሦስተኛውን ጠበቅኩ፣ አልመጣም።

እናቴ ቀና አለች። ወደ በሩ አይደለም ያየችው፣ ወደ እኔ ነው።

"ክፈትለት እንጂ" አለች። "ምን ትጠብቃለህ?"