አንዲት ጉርሻ ከሙቅብል ቤት

ልጂቱ ከአረቡ ቤት ገብታ ምን በልታ ይሆን?

ወይዘሮ ያለምወርቅ ይህችን ጥያቄ ከደጅ ይዘዋት ገቡ፤ መደቡ ላይ ቢቀመጡም አልለቀቀቻቸውም። ወሬውን ያቀበለቻቸው ጎረቤታቸው ካሳነሽ ናት። «አምሳለን ከሙቅብል ምግብ ቤት አየኋት፤ ከወንድ ጋር ስትበላ። እኔ ምን አገባኝ!» ብላ፣ የሚያገባትን ያህል ተናግራ ሄደች።

የሙቅብል ቤት ከጣሊያን በፊት ጀምሮ ዳንግላ ላይ ያለ ቤት ነው። የመኑ ሰውዬ በጎልማሳነቱ ከፍቶት እዚያው ሸበተ። የጭነት መኪና ሾፌሩም፣ ለችሎት ቀጠሮ የመጣው ባላገርም ይበላበታል። ወይዘሮ ያለምወርቅ ግን በዚያ ደጅ ሲያልፉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳብ ያደርጋሉ እንጂ ውስጡን አይተውት አያውቁም።

የልጅ ልጃቸው አምሳለ ከትምህርት ቤት ስትገባ ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረሷት።

«ሥጋ በላሽ?»

«የምን ሥጋ?»

«የእስላም ሥጋ!»

«ኧረ በስመ አብ ይበሉ፣ እምዬ! ሩዝ ነው የበላነው።»

«የበላነው? አንቺና ማን?»

አምሳለ ደብተሯን አስቀመጠች። ስታፍር ጆሮዋ ይቀላል፤ እናቷም እንዲሁ ነበረች።

«እኔና ክንዴ።»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ክንዴን ማን አመጣው? ራሳቸው ናቸው! ልጂቱ ባስነጠሰች ቁጥር «ንዳድ ነው» እያሉ ወደ ወባ ጣቢያው ሲጎትቷት የከረሙት ሌላ ማን ነው? ክንዴ እዚያ የሚሠራ፣ ከአዘና የመጣ ልጅ ነው፤ የታመመ ሰው ጣት ወግቶ ደም ይወስዳል። የመጀመሪያ ቀን የአምሳለን ጣት ይዞ መውጋቱን ረሳ። «ልትወጋው ነው ወይስ ቀለበት ልታጠልቅበት?» ብለው የቀለዱት ራሳቸው ነበሩ። አቤት አፍ! ልጂቱ ወባ አልተገኘባትም፤ ሌላ ነገር ግን ይዟት ተመለሰች።

«አጎረሰሽ?»

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ?»

«ሁለተኛውን ሊያጎርሰኝ ሲል እትዬ ካሳነሽ በመስኮት ብቅ አሉ፤ ደንግጬ ተነሣሁ። ‹አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ኧረ ተመለሽ!› እያለ እስከ በር ተከተለኝ።»

አምሳለ ሳቀች። አያቷ ግን በልባቸው ተመስገን አሉ። እንግዲህ ይጣላሉ።

አልተጣሉም። ክንዴ ወደ በለስ ቆላ፣ ወደ ንዳድ አገር፣ መዛወሩ ሲሰማ አምሳለ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ «አብሬው እሄዳለሁ» አለች። የዚያን ቀን ወይዘሮ ያለምወርቅ ሰውነታቸው እንደ ተቀጠቀጠ ሆነ። በማግስቱ ግን ዘንጋቸውን አንሥተው በቀጥታ ሙቅብል ቤት ገቡ።

«ግባ፣ እማማ፣ ግባ!» አለ ሙቅብል። ይህን ያህል ዘመን ኖሮ ወንድና ሴት በአማርኛ እንደ ተቀላቀለበት ነው።

«ልጄ የበላችውን አምጣልኝ።»

«ልጅህ ሩዝ በላ። የክርስቲያን ድስት ሌላ፣ የኔ ድስት ሌላ። ድስት ቢቀላቀል ኖሮ ይሄ ቤት ይሄን ሁሉ ዘመን ይቆማል?»

ዘቢብና ቅርንፉድ የገባበት ሩዝ በሳህን ቀረበላቸው። በጣታቸው ነካ አደረጉት። ክንዴ ለምሳ ሲገባ ያገኛቸው እንዲህ እንዳሉ ነው። በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ መጣና እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?»

«ተቀመጥ። ይህ እህል ነው ወይስ የጉንዳን እንቁላል?»

«ይቅመሱታ።»

ማንኪያውን ወደ ጎን አድርጎ ሩዙን በጣቶቹ ጠቀጠቀና ተነሥቶ፣ ግራ እጁን ከሥር ደግፎ አቀረበላቸው። የታናሽን ጉርሻ መመለስ ነውር ነው፤ ጎረሱ። ጣማቸው፤ መጣሙም አናደዳቸው። ክንዴ ሁለተኛውን ሲያቀርብ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«አንድ ይበቃኛል።»

የክንዴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሩዙ በጣቶቹ መሐል ጠብ ጠብ አለ።

«ሊጣሉኝ ነው?»

«ተጣልተናል።»

«ኧረ ጉረስ፣ እማማ!» አለ ሙቅብል ከወዲያ ሆኖ። ማንም አልሳቀም።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ክንዴ ቀስ ብሎ።

«ምንም። ጥፋት ቢኖርህማ በቀለለኝ።» ወይዘሮ ያለምወርቅ ድምፃቸው ደከመ። «እናቷን፣ ውብአየሁን፣ ለአንድ ጨዋ ሰው ድሬ ወደ በለስ ሰደድኋት። ንዳድ ጨዋ አይል፣ ባለጌ አይል። የተመለሰልኝ ልብሷና ይህች ሕፃን ናት።»

«እኔ እኮ የምሄደው እሱን ለማጥፋት ነው።»

«አንተ እሱን እስክታጠፋ፣ እሱ ማንን ያጠፋል?»

ክንዴ ዘንጋቸውን አቀበላቸውና እስከ ቤታቸው ከኋላ ከኋላቸው ሸኛቸው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አጎቱን አቶ እንየውን ሽማግሌ አድርጎ መጣ። አምሳለ ጓዳ ገባች፤ ከመጋረጃው ሥር የእግሯ ጣቶች ይታያሉ። ክንዴ ዐይኑን ከዚያ ለማንሣት ሲታገል፣ ጣቶቹም እንደ ታዩ አውቀው ሽሽት ሲሉ፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ ሁሉንም አዩ። ሁለቱም እንዴት ልጅ ናቸው!

አቶ እንየው ወጉን አድርሶ ሲጨርስ ወይዘሮ ያለምወርቅ እንዲህ አሉ፦ «ጥሎሽ አልጠይቅም፤ ዘር አልቆጥርም። ልጄን በሕይወት እንደሚመልሳት በቅዱስ ሚካኤል ይማልልኝ። ያን ጊዜ ይውሰዳት።»

«ይምላል!» አለ አቶ እንየው። «ማል እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!»

ክንዴ ወደ ጓዳው ተመለከተ። መጋረጃው ተነቃነቀ።

«ኪኒኗን ሳትውጥ እንዳትውል፣ ያለ አጎበር እንዳታድር እጠብቃታለሁ፤ ለዚህ እምላለሁ» አለ በመጨረሻ። «ነፍሷ ግን በእጄ አይደለችም፣ እማማ። በእጄ በሌለው አልምልም።»

አቶ እንየው በአዊኛ ተቆጣው፤ ቀጥሎም ለሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ «አንተ ልጅ፣ ዋሽቶ ያላገባ ማን አለ?» አለ።

ወይዘሮ ያለምወርቅ ግን ክንዴን ይመለከቱት ነበር። የውብአየሁ ባል ምሎ ነበር፤ ያውም ሳይጠይቁት፣ እየሳቀ። ይህ ልጅ አልማለም። በፍርሃት የደነደነ ደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር ላላ። «እሺ» የምትለዋን ቃል ፈለጓት፤ ስንት ዓመት «አይሆንም» ሲል የኖረ አፍ እንዴት ቶሎ ያግኛት? የሰው ሁሉ ድካም እላያቸው ላይ የተጫነ መሰላቸው፤ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ዐይናቸውን ከደን አደረጉ።

ክንዴ ያን እንቢታ አድርጎ አየው። ተነሣ፤ ጉልበታቸውን ስሞ «ይቅር ይበሉኝ» አለና አጎቱን አስከትሎ ወጣ። የእግራቸው ኮቴ ከአጥሩ ወዲያ ሲርቅ ይሰማል።

«አምሳለ» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ ድምፃቸው ሳይወጣ። «ጥሪው» ሊሏት ነበር።

አምሳለ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታለች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። አያቷ ፊት ስትደርስ ቆም አለች፤ ልትንበረከክ ያሰበች ትመስል ነበር። እያነባች አየቻቸው። እሳቸውም አፋቸውን ከፈቱ እንጂ «እሺ» የምትለዋ ቃል ገና አልመጣችላቸውም።

ልጂቱ በሩን ገፋ አድርጋ፣ ኮቴው ወደ ራቀበት ወጣች።