ንጋት ያላየችው ጎማ

ንጋትን መጀመሪያ ያገኘኋት ተጣልተን ነው።

ላሊበላ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ አባቷ አቶ ከፋለ ጎሚስታ ቤት ነበራቸው። ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ሥራውን የያዘችው እሷ ናት። እናቷ ገነተ ማርያም የሚባለው ገጠር፣ እርሻው ላይ ይኖሩ ነበር። እኔ የደባሱን ሚኒባስ ይዤ ከላሊበላ ኮን እመላለስ ነበር። የዚያን ቀን የፊት ጎማዬ ጎድሎ ንፋስ ላስሞላ ጎራ አልኩ። ቱታ የለበሰች፣ ጸጉሯን በሻሽ ሸብ ያደረገች ልጅ ከአንድ መኪና ሥር ወጣች።

«ጎሚስታው የለም?» አልኳት።

«ጎሚስታዋ እኔ ነኝ።»

አፈርኩ። እሷ ግን ከቁም ነገርም አልቆጠረችው። ጎማው አጠገብ ተንበረከከችና ሳንቲም አውጥታ በጎማው ጥርሶች መካከል አስገባች። ሳንቲሙ የሚይዘው አጥቶ ወደቀ። ከዚያ መዳፏን በጎማው ዙሪያ ቀስ አድርጋ አሳለፈች።

«አልሞላልህም» አለች።

«ለምን?»

«አልቋል። ሽቦው ሊወጣ ነው። ይሄ ጎማ ሰው አይጭንም።»

«እህቴ፣ ያንቺ ሥራ መሙላት ነው። መንዳቱን ለእኔ ተዪው።»

«እንግዲያው ሌላ ጋ አስሞላ።»

እየተሳደብኩ ወጣሁ። ሌላ ጋ አስሞልቼ ኮን ደርሼ ተመለስኩ። በማግስቱ ላፌዝባት ሆን ብዬ በሯ ላይ ቆምኩ።

«ይኸው፣ አልሞትኩም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። የምሯን ነበር።

አቶ ከፋለ ከተቀመጡበት ሳቅ አሉ። «ትናንት መኪናህ እስኪመለስ ድረስ እጇ ሥራ አልያዘም፣ ልጄ።»

«አባዬ...» ብላ ፊቷን አዞረች።

እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ያለ ምክንያት እዚያ የምቆም ሰው ሆንኩ።

ሰው በማይበዛበት ሰዓት ጎማ ማየት ታስተምረኝ ነበር። ጥርሱ ያለቀውን ማንም ያውቀዋል፤ ክፉው ጥርስ እያለው የደረቀው ነው ትለኛለች። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ታሳየኛለች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ዓመት ናቸው። ጎኑን በአውራ ጣቷ ስትጫነው እንደ ክረምት ማግስት ጭቃ የተሰነጣጠቀ ከሆነ፣ ትጥለዋለች።

«እንዲህ ያለው ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ደህና ይመስልሃል» አለችኝ አንድ ቀን። «ሲሞቅ ነው የሚከዳህ።»

«እኔ አልከዳሽም።»

«ስለ ጎማ ነው የማወራው፣ ምሥጋናው።»

«እኔ ስለ ራሴ ነው።»

እጇ ጥቁር ቅባት ነበር። ያዝኩት። አላስለቀቀችኝም።

ሽማግሌ ልልክ ስላት ግን ራሷን ነቀነቀች። «በእነዚህ ጎማዎች የሚሄድ ሰው አላገባም። ባሌን ገደል ውስጥ አልፈልግም።»

ደባሱን ሁለት ወር ለመንኩት። በመጨረሻ አራት አዲስ ጎማ አመጣ። ንጋት ራሷ አሰረቻቸው። አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸውና ቀና ብላ አየችኝ።

«አሁን ሽማግሌህን ላክ» አለች።

ያ ቀን ረቡዕ ነበር። ሐሙስ ጠዋት መኪናውን ከደባሱ ግቢ ላወጣ ስሄድ የፊቶቹ ሁለት ጎማዎች ተቀይረዋል።

«ሌላው ሚኒባሴ ደሴ ሊሄድ ስለሆነ ወስጄለት ነው» አለ ደባሱ። «ለዛሬ ብቻ ነው። ጥርስ አላቸው፣ ተመልከት።»

ተመለከትኩ። ጥርስ አላቸው። ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን አነበብኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጎኑን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ተሰነጣጠቀ።

አይቻለሁ። ይህን ማንም እንዲያቃልልልኝ አልፈልግም። አይቼ ተነሳሁ። መናኸሪያው በተሳፋሪ ሞልቷል፤ እኔም «ዛሬን ብቻ» አልኩ።

ከጎኔ የተቀመጠው አዳም ነበር፣ የንጋት ታናሽ ወንድም። ኮን መምህር ነው። እየሳቀ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«ንጋት ነች በዚህ ሂድ ያለችኝ። ጎማውን እኔ ነኝ ያየሁት አለች።»

ቁልፉን አዞርኩ።

የጋሸናን ዳገት ከወጣን በኋላ ፀሐዩ በረታ። ጠመዝማዛው ላይ የግራው ፈነዳ። መሪው ከእጄ አመለጠ። ሚኒባሱ ሁለቴ ተገልብጦ ድንጋይ ያዘው። አራት ሰው ቆሰለ። አዳም እዚያው ሞተ።

እኔ እጄና ሦስት የጎን አጥንቴ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ደባሱ መጣ።

«ጎማዎቹን አንስቻቸዋለሁ» አለ በሹክሹክታ። «ጎሚስታዋ አይታ አሳልፋዋለች፣ አዲስ ነበር በል። ሰው ሁሉ አዲስ ሲታሰር አይቷል። እሷን ማንም አያስራትም። አንተም አትታሰርም።»



በስድስተኛው ቀን ንጋት መጣች። ጸጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳለች። ፊቷ ላይ የጭረት ቁስል ነበር። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች። ድምፅዋ ተዘግቷል። «ምን ሳላይ ቀረሁ?»

«ንጋት...»

«አራቱንም በእጄ ነካኋቸው። ሌሊት ሌሊት እየነካኋቸው ነው የማድረው። የት ላይ ነው እጄ የሳተው? ወንድሜን እኔ ነኝ ያሳፈርኩት። ቤቱን ዘግቻለሁ። ከእንግዲህ ጎማ አልነካም። ብቻ ንገረኝ።»

ዝም ብል ምንም አይመጣብኝም ነበር። ምናልባትም ከዓመት በኋላ ታገባኝ ነበር። ዕድሜ ልኳን ወንድሜን ገደልኩ እያለች፣ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር።

«አንቺ ያየሽው ጎማ አይደለም የፈነዳው» አልኳት። «ደባሱ የፊቶቹን ቀየራቸው።»

ቀና አለች።

«አንተስ... ታውቅ ነበር?»

«ቁጥሩን አንብቤዋለሁ።»

«ስንት ነበር?»

ነገርኳት።

«ጎኑን ተጫንከው?»

«ተጫንኩት።»

እጆቿን አየቻቸው። «አስተምሬህ ነበር እኮ» አለች። አልጮኸችም። ተነስታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ አስጠራሁ። ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ጎማዎቹም ከደባሱ መጋዘን ተገኙ። ሁለታችንም ተፈረደብን። እኔ ሦስት ዓመት።

ንጋት ወልድያ ማረሚያ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ መጣች። አባቷ በልጃቸው ኀዘን ብዙ ሳይቆዩ እንደሞቱ የነገረችኝ ያኔ ነው። እናቷ፣ እማማ አመተ ጊዮርጊስ፣ ከቤት እንደማይወጡና ከሰው እንደማያወሩም ነገረችኝ። ጎሚስታ ቤቱን መልሳ ከፍታለች።

«እውነቱን ስለነገርከኝ ነው መሥራት የቻልኩት» አለች።

«ትጠዪኛለሽ?»

«ብጠላህ ይሻለኝ ነበር። እወድሃለሁ፣ በዚህም አፍራለሁ።» አጥሩን በጣቶቿ ያዘች። «ስትፈታ መጀመሪያ እናቴን ታረቃት። እኔና አንተ ያለንን ነገር አታውቅም። የእኛን ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

በዚህች ቃል ቀሪዎቹን ሁለት ዓመታት ኖርኩ።

ስፈታ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሽማግሌዎችን ሰብስበው ገነተ ማርያም ይዘውኝ ሄዱ። ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ደጃፋቸው ላይ ወደቅሁ። እማማ አመተ ጊዮርጊስ በሰው ተደግፈው ወጡ። ንጋት ከኋላቸው በሩ ላይ ቆማለች።

«አንሱት» አሉ እናቲቱ። «ድንጋዩን አውርዱለት።»

«እናታችን፣ ካሳውን እርስዎ ይቁረጡ» አሉ ቄሱ።

«ካሳ ምን ይሠራልኛል? ባሌም ልጄም የሉም። ማሳው ጦም አድሯል። ስሞት የሚቀብረኝ ወንድ ልጅ የለኝም።» የደገፋቸውን ለቀው፣ ቀና ብለው ወደ እኔ ቀረቡ። «በልጄ ቦታ ልጅ ስጡኝ። የጡት ልጄ ትሆናለህ?»

ሽማግሌዎቹ ባንድ ድምፅ አመሰገኑ። እኔ ንጋትን አየኋት። የጡት ልጅ ከሆንኩ እሷ እህቴ ናት፤ በመካከላችን ጋብቻ አይኖርም። ይህን እኔም እሷም ቄሱም፣ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ይቀራል። እኔም እምቢ ብል ይቀራል።

ንጋት የእናቷን ጀርባ አየች። ከሦስት ዓመት በኋላ ቀና ያለ ጀርባ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«እሆናለሁ» አልኩ።

እማማ በጡት ፋንታ ጣታቸውን ማር አስነክተው አፌ ውስጥ አደረጉት። «እንግዲህ አንቺ በለኝ» አሉኝ። «ልጅ እናቱን አንቱ አይልም።»

ሽማግሌዎቹ ለምሳ ሲገቡ ንጋት ከቤቱ ጀርባ አገኘችኝ።

«ለምን እሺ አልክ?»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«እናቴ ዛሬ ጠዋት እህል ስጪኝ አለች። ራሷ ጠይቃ። ልጄ ይመጣል፣ አብሬው እበላለሁ ብላ።» እንባዋ ወረደ። «አንተ እምቢ ብትል ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ደግሞ እምቢ ብትል ይቅር አልልህም ነበር።»

ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብኩት።

«ግባ ብላ፣ ወንድሜ» አለችኝ። እንደዚያ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

መኪና ዳግመኛ አልነዳሁም። ገነተ ማርያም ያለውን ማሳ አርሳለሁ። ንጋት በየሳምንቱ ቅዳሜ ከከተማ ትመጣለች፤ ሦስታችን አንድ ገበታ ላይ እንበላለን። እኔና ንጋት ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

ባለፈው ጥር አገባች። ሙሽራው የኩልመስክ ሰው ነው፣ ደግ ሰው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ፣ በወንድምነቴ። በሠርጉም ዕለት እጇን ይዤ ከቤት አውጥቼ ያስረከብኳት እኔ ነኝ። ደጁ ላይ ስንደርስ እጄን አጥብቃ ያዘችው።

«እናቴን አደራ» አለችኝ።

«እናታችንን» አልኳት።

ለቀቀችኝ።

ሠርገኛው ሲሄድ ቤቱ ጭር አለ። እናታችን ብቻዋን እንዳታድር እዚያው አደርኩ። ያልተወቃ ገብስ ነበረን፤ በማግስቱ እኔና እሷ ማልደን ወደ አውድማው ወጣን።