ሁለተኛው ዲስክ

«እናትሽ ፂም አላት እንዴ?» አለ ጌትነት። የሚኒ ሚዲያ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

የነቢላ ፊት ጋለ። አፏን መዝጋት የነበረባት ከአንድ ደቂቃ በፊት ነበር፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ፂሙ ደረቱ ላይ የወረደ ፈረሰኛ በታጨደ የስንዴ ማሳ ውስጥ ሽምጥ ይጋልብ ነበር። ወንዙን በአንድ ዝላይ ሲሻገር ልጆቹ «ኧረ ሰውዬው እሳት ነው!» ብለው ጮኹ። ያኔ ነው ነቢላ ሳታስበው «እሱ መች ሆነና! እናቴ ናት እኮ» ያለችው።

«ቀደዳሽን ተዪልን!» አለች አንዷ ከኋላ ወንበር።

«ቆይ እንስማት እንጂ» አለ ጌትነት። «እሺ፣ ፂሙን ማን ነው የሚላጭላት?»

ጌትነት የክበቡ ሊቀመንበር ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የተቸገረ ጓደኛ ካየ ደብተሩን እስከ ማዋስ ይደርሳል። ግን ሰው የሚያስቅበት ነገር ካገኘ የገዛ አባቱንም አይምርም። ለቅዳሜው የወላጆች ቀን «የጭላሎ ፈረሰኛ» ይታይ ያለውም እሱ ነው። ፊልሙ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ አርሲ፣ ሳጉሬ አጠገብ ስለተቀረጸ ማንም አልተቃወመም።

በምሳ ሰዓት ወሬው ዘጠነኛ ክፍልን ሁሉ አዳርሶ ነበር። ነቢላ በኮሪደሩ ስታልፍ ወንዶቹ አገጫቸውን እያሻሹ ይጠቃቀሳሉ። አንዱማ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሻሽ ያሰረች ሴት ስሎ፣ እስከ ወገቧ የሚደርስ ፂም አውጥቶላታል።

የሚያንገበግበው ነገር ነቢላ አለመዋሸቷ ነው። ባለፈው ዓመት ከሳጉሬ ሲመለሱ እናቷ ፋጡ ራሷ ነግራታለች። ፈረሱ የአያቷ የአባባ ሚፍታ ነበር። ተዋናዩን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ጣለው። ከአያቷና ከፋጡ ሌላ ማንንም ጀርባው ላይ አያስቀምጥም። በመጨረሻ ካባውንም ፂሙንም ለፋጡ አደረጉላትና ጋለበች። «ግን ለማንም እንዳትናገሪ» ብላት ነበር እናቷ። ነቢላም «ወላሂ!» ብላ ምላለች። አሁን መሐላዋን በልታ፣ በዚያ ላይ ውሸታም ተብላ ቁጭ አለች።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች በቀጥታ ያመራችው ወደ ጋሽ ከዲሮ ሱቅ ነው። ታፔላው ዛሬም «ሲዲ ቤት» ይላል፤ ውስጡ ግን በሞባይል ሽፋንና በቻርጀር ከተሞላ ቆይቷል። ፊልም የሚፈልግ ሰው ፍላሹን ይሰጣል፣ ጋሽ ከዲሮ ይጭኑለታል፣ አለቀ። የድሮዎቹ የፊልም ሽፋኖች ግን ለጌጥ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። «የጭላሎ ፈረሰኛ» የሚለውም እዚያ ነበር። ከስሩ በደቃቅ ፊደል «ባለ ሁለት ዲስክ፤ ሁለተኛው፦ ፊልሙ እንዴት ተሠራ» ይላል።

«ጋሼ ከዲሮ፣ የዚህ ፊልም ሁለተኛው ዲስክ አለዎት?»

«ፊልሙን ከሆነ ፍላሽሽን አምጪ። ጌትነት ትናንት ወስዷል።»

«ፊልሙን አይደለም። ሁለተኛውን ነው።»

ጋሽ ከዲሮ ሳቁ። «ያንን ትርፍ? የኔ ልጅ፣ ሰው የሚገዛው ወጡን ነው እንጂ የወጡን አሠራር አይደለም! ስንቱ መለሰብኝ መሰለሽ! ‹ይሄ ዲስክ ተበላሽቷል፤ ታሪክ የለውም፤ አንድ ነገር አሥር ጊዜ እየደጋገሙ ይስቃሉ› እያለ። አንድ የሲሬ ሰውዬማ ካልቀየርክልኝ ብሎ ሊደባደበኝ ነበር።»

ስለዚህ ጋሽ ከዲሮ መላ ዘየዱ። ሁለተኛውን ዲስክ ከየሽፋኑ እያወጡ ለሳጉሬ ገበሬዎች አደሉት። ገበሬው ገብሱ ሲያሽት በክር አንጠልጥሎ ማሳው ላይ ይሰቅለዋል። ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ ይላል፤ ወፍ ይሸሻል።

«ሁሉንም?» አለች ነቢላ።

«ስድሳውንም። የሳጉሬ ወፍ በሙሉ አይቶታል፤ ያላየው ሰው ብቻ ነው።»

ነቢላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ጋሽ ከዲሮ ፊቷን አይተው ሳቃቸውን ዋጡ፤ ምን እንደሆነች ግን አልጠየቋትም። «ቆይ እስቲ» አሉ ራሳቸውን እያከኩ። «አንዱን ለሊሳ ወስዶብኛል። የሳጉሬ ሚኒባስ የሚነዳው። መስታወቱ ላይ አንጠልጥሎት አይቻለሁ።» ከመሳቢያቸውም አንድ ባዶ ዲስክ አውጥተው ሰጧት። «በዚህ ለውጪው። በባዶ እጅ ከሄድሽ አይሰማሽም።»

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ከትምህርት በኋላ ለሊሳን መናኸሪያ ውስጥ አገኘችው። መፋቂያ አፉ ውስጥ ወትፎ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ዲስኩ በቀይ ክር ታስሮ ከመስታወቱ ስር ይሽከረከራል።

«አይሆንም» አለ ገና ሳትጨርስ። «ይሄን ከሰቀልኩ ጀምሮ ጎማ እንኳ ተንፍሶብኝ አያውቅም። ጎሚስታው ራሱ ‹ምነው ጠፋህ?› ይለኛል።»

«ይኸው ሌላ አምጥቻለሁ። እንዲያውም ይሄ የበለጠ ያበራል።»

«ያ መች ተፈተነና!»

ነቢላ ሌላ መንገድ አልነበራትም። ከፈረሱ እስከ ፂሙ ሁሉንም ነገረችው። ለሊሳ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«ፋጡ? ያቺ እህል በረንዳ ገብስ የምትነግደው? እኔ እሷን የማውቃት ከረዳቴ ጋር በኬሻ ጭነት ስትጨቃጨቅ ነው!» ትንሽ አሰበና ክሩን ፈታው። «እስከ ቅዳሜ ብቻ። ውሸት ከሆነ ግን እዚያው መጥቼ ነው የምስቅብሽ።» አዲሱን ዲስክ ሲሰቅል ግን ፊቱ ላይ ጥርጣሬ ነበር። መስታወቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

ነቢላ ዲስኩን ደረቷ ላይ ይዛ ከመናኸሪያው ወጣች። ትምህርት ቤቱ በስተቀኝ ነው፤ ጌትነትና ጓደኞቹ እስካሁን ከሚኒ ሚዲያ ክፍል አልወጡም። አሁን ሄዳ ኮምፒውተሩ ውስጥ ብትከተው በአሥር ደቂቃ ውስጥ አፋቸው ይዘጋል። ቤቷ በስተግራ ነው። ወደዚያ ከሄደች ለእናቷ መሐላዋን ማፍረሷን መናገር አለባት። እናቷ ደግሞ «ማንም አያየውም» ካለች አለቀ። ውሸታም እንደተባለች ትቀራለች።

ወደ ቀኝ ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ቆመች። እናቷ ራሷ አይታው የማታውቀውን ምስሏን እነ ጌትነት ቀድመው ሊያዩት ነው። ይሄ ልቧን ከበደው። ዞረችና ወደ ቤት ሄደች።

ፋጡ ከገበያ ገብታ የእህሉን ብናኝ ከሻሿ ላይ ታራግፍ ነበር።

«እማዬ፣ ቃሌን አፍርሻለሁ» አለች ነቢላ በሩ ላይ ቆማ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «አባቴ ስምሽ በዚህ ነገር እንዳይነሳ ብሎኝ ነው የሞተው» አለች ቀስ ብላ። «አሥራ ሁለት ዓመት አፌን ይዤ ኖርኩ። አንቺ ዓመት እንኳ አቃተሽ?»

ነቢላ አለቀሰች። «ሳናየው ልመልሰው? ከፈለግሽ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።»

ፋጡ ዲስኩን ተቀብላ አገላበጠችው። አቧራ ለብሷል፤ ጠርዙ ተጫጭሯል። ፊልሙን ብዙ ጊዜ አይታለች፤ ይሄኛው መኖሩን ግን ሰምታም አታውቅ።

«አስገቢው» አለች በመጨረሻ።

አሮጌው ዴክ ዲስኩን ዋጠና አጉረመረመ፤ ምንም ሳያሳይ መልሶ ተፋው። ነቢላ በሳሙና አጥባ፣ በነጠላ ጫፍ አደራርቃ እንደገና ከተተችው። ምስሉ ሁለቴ ተቆራረጠና መጣ። ተዋናዩ ከፈረስ ሲወድቅ ታየ። አቧራውን አራግፎ ወጣ፤ ደግሞ ወደቀ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ወጣት ብቅ አለች። አገጯ ላይ ሙጫ እየቀቡ ፂም ሲለጥፉባት በሳቅ ትንፈራፈራለች።

«ያ ረቢ!» አለች ፋጡ አፏን ይዛ። «ምን ያህል ልጅ ነበርኩ!»

ፈረሱ ተነሳ። ወጣቷ ከማሳው ማዶ ትንሽ ጥቁር ነጥብ እስክትሆን ድረስ ጋለበች። ካሜራው ግን አልተከተላትም። ወደ ኋላ ዞሮ ከዘራቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ላይ አረፈ። አባባ ሚፍታ ነበሩ።

«አባቴ፣ ይሄ ጋላቢ ማን ነው?» ሲል አንድ ድምፅ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከማሳው አልነቀሉም። «ኢንተላ ኮቲ!» አሉ። ጠያቂው እንዳልገባው ሲያዩ በአማርኛ ደገሙት። «ልጄ ናት! ፋጡ ሚፍታ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጻፉት፣ ስሟን ጻፉት!»

ፋጡ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «እኔ እኮ ማዶ ነበርኩ» አለች። «አልሰማሁትም። ማታ አጎቶቼ መጥተው ‹ሴት ልጅህን የወንድ ልብስ አለበስካት› ብለው ወቀሱት፤ በነጋታው ነው ዝም በይ ያለኝ። እኔ እኮ ያፈረብኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት!» እያለቀሰች ትስቃለች። «ድገሚው። እሱን ቦታ ድገሚው።»

አምስት ጊዜ ደገሙት። በአምስተኛው ፋጡ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?» አለች።

ቅዳሜ አዳራሹ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ነቢላ ዲስኩን ለጌትነት ስትሰጠው አገላብጦ አየው።

«ይሄ ትርፉ ነው አይደል? ሰዓት የለንም ነቢላ። ልብስ ስትገዢ ማንጠልጠያውን ትለኪያለሽ እንዴ?»

«አሥር ደቂቃ ብቻ። ውሸታም ከሆንኩ በማይክ ተናገር።»

ይሄማ ለጌትነት ሠርግ ነው። ፊልሙ አልቆ ወላጆች መነሳት ሲጀምሩ «ትንሽ ቆዩ፣ የምንስቅበት ነገር አለን!» ብሎ ለፈፈ።

ሳቁ መጣ፤ ግን እሱ ባሰበው መንገድ አይደለም። ተዋናዩ ሲወድቅ አዳራሹ አሽካካ። ወጣቷ ፂም ሲለጠፍባት ሳቁ ቀዝቀዝ አለ፤ አንገቶች ፋጡ ወደተቀመጠችበት ሦስተኛ ረድፍ መዞር ጀመሩ። ሽማግሌው «ልጄ ናት! ፋጡ ሚፍታ» ሲሉ አዳራሹ በእልልታ ተቀወጠ። ከኋላ በኩል ለሊሳ በፉጨት አቀለጠው። «ዲስኩን ጠብቄ ያቆየሁት እኔ ነኝ!» ይላል ለማያውቀው ሁሉ። ስድሳ ዲስክ ለወፍ ያደሉት ጋሽ ከዲሮ ራሳቸውን ይዘው «አቤት ጥፋቴ፣ አቤት ጥፋቴ» ይሉ ነበር።

«ፂሙስ?» ብሎ ጮኸ አንድ ልጅ ከበረንዳው።

ፋጡ ተነሳች። ሻሿን አስተካከለች፤ «ተላጨሁት!» አለች።

ያን ቀን ያላጨበጨበ ሰው ካለ እጁ የታመመ ነው። ነቢላ እናቷን እንደዚያ ቀጥ ብላ ቆማ አይታት አታውቅም። ማጨብጨቧን ረስታ አፏን ከፍታ ቀረች።

ሰዉ መውጣት ሲጀምር ጌትነት በሩ አጠገብ ደረሰባት። ጆሮው ቀልቷል። «ነቢላ... እኔ እኮ... በቃ፣ ይቅርታ። ሼም ነው ያደረግሁት።»

ነቢላ ለዚህች ደቂቃ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የሳለችው፣ እሱን በሁሉም ፊት የሚያሳንስ መልስ። ዙሪያውን የቆሙት ልጆችም ይሄንኑ እየጠበቁ ነው። እሷ ግን በሩ ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ወረቀት አየች። ጌትነት ራሱ በእጁ የጻፈው የተዋንያን ዝርዝር ነው። እናቷ ከሳጉሬ ሰዎች ጋር እየተሳሳመች በዚያ በኩል ልትወጣ ነው።

«ማርከር አለህ?» አለችው።

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። የተዋናዩን ስም አልሰረዘችም። ከስሩ፣ ክፍት በነበረው ቦታ ላይ «ጋላቢ፦ ፋጡ ሚፍታ» ብላ ጻፈች።

ጌትነት አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው። «አጉይው» አለ። «ከሩቅ አይነበብም።»

ነቢላ ማርከሩን ጠበቅ አድርጋ ይዛ በላዩ ላይ ደገመችበት።